አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ አሜሪካኖች በምን ተጣልተው እርስ በርስ ተዋጉ?

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ከአገር ውስጥም ከውጭም በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን ስድስቱን እንመልሳለን። ጦርነቱ የተደረገው ከአገሪቱ ኅብረት በተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶችና በሰሜኑ መካከል ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያ ጦርነት የመጀመሪያው መድፍ ሲተኮስ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

«ለዜግነት ፈተና በማጠናው የ100 ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ‹ወደ እርስ በርስ ጦርነቱ ካመሩት ችግሮች አንዱን ጥቀስ› የሚል አለ። መልስ ሆነው የተቀመጡት ባርነት፣ ኢኮኖሚያዊ ምክንያቶችና የክፍለ ግዛቶች መብት ናቸው። ሦስቱ እኩል ይመዝናሉ?»
— ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለፈተናው ከሦስቱ አንዱን መናገር ይበቃዎታል። የጥያቄው ዝርዝር ግን ስለሚሻሻል፣ እርስዎ የሚፈተኑት በየትኛው እንደሆነ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጡ።

ታሪኩን ለማወቅ ከሆነ ግን ሦስቱ ምክንያቶች ሦስት አይደሉም። ሁለቱ ከአንዱ የሚቀዱ ናቸው።

ኢኮኖሚውን እንይ። የደቡብ ሀብት ጥጥ ነበር። በመሀል አገር የሚበቅለው የጥጥ ዓይነት ፍሬው ከክሩ ጋር ስለሚጣበቅ፣ አንድ ሰው በእጁ ቀኑን ሙሉ ሲፈለቅቅ ቢውል ግማሽ ኪሎ ቢያወጣ ነው። በ1793 ኢላይ ዊትኒ የመዳመጫውን መኪና ሲሠራ አንድ ሰው በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ማጽዳት ቻለ። መኪናው ግን ጥጥ ይዳምጣል እንጂ አይለቅምም። ስለዚህ የመዳመጡ ሥራ በቀለለ ቁጥር የሚዘራው መሬት ሰፋ፣ መሬቱ በሰፋ ቁጥር የሚለቅም እጅ ተፈለገ። በ1790 ከ700,000 ጥቂት ያንስ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ቆጠራ 3,953,760 ደረሰ። ከውጭ ማስገባት በ1808 ስለተከለከለ አብዛኛው ጭማሪ እዚያው የተወለደ ነው። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ደግሞ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ አካባቢ፣ ልጅ ከእናቱ ባል ከሚስቱ እየተለየ፣ ወደ ታችኛው ደቡብ ተሸጧል ወይም ተነድቷል። በ1860 ደቡብ አራት ሚሊዮን ገደማ እስር ጥጥ አመረተ፤ አንዱ እስር ከ180 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል። ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ከግማሽ በላዩ ይኸው ጥጥ ነበር። የባሮቹ የገበያ ዋጋ ሲደመር ከሦስት ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ የአገሪቱ ባቡርና ፋብሪካ በሙሉ ቢደመር ይህን አያህልም። እንግዲህ «ኢኮኖሚያዊ ምክንያት» የሚባለው በሰው ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

«የክፍለ ግዛት መብት» ሲባል ደግሞ ምን የማድረግ መብት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1850 የወጣው የኮብላዮች ሕግ ለዚህ ጥሩ መመዘኛ ነው። ሕጉ የፌዴራል ነበር፤ አጥብቀው የጠየቁትም ደቡቦቹ ናቸው። ወደ ሰሜን ኮብልሎ የተያዘ ሰው በዳኞች ሸንጎ አይዳኝም፣ ስለ ራሱም ቃሉን መስጠት አይፈቀድለትም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውየውን ለጌታው ከመለሰው 10 ዶላር፣ በነጻ ከለቀቀው 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። ኮብላዩን ያበላ ወይም ያስጠጋ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፣ እስከ ስድስት ወር ይታሰራል። የሰሜን ግዛቶች «ይህ በእኛ ምድር አይሠራም» ብለው የየራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ፣ የክፍለ ግዛትን መብት የጣሱት የትኞቹ ናቸው? ደቡቦቹ በዚያን ጊዜ የማዕከላዊው መንግሥት ክንድ እንዲበረታ የሚፈልጉ ነበሩ።

ስለ ቀረጥ የሚጽፉልንም አሉ። በ1857 የወጣው የጉምሩክ ቀረጥ ለረጅም ዘመን ከነበሩት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ቀረጡን ከፍ ያደረገው ሕግ የጸደቀው በመጋቢት 1861፣ ሰባት የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው እንደራሴዎቻቸው ወንበራቸውን ጥለው ከሄዱ በኋላ ነው።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሌላ ሰው ድምዳሜ ከሚሸመድዱ ሰነዶቹን ራሳቸው አንብበው እንዲፈርዱ እፈልጋለሁ። በየትኞቹ እንጀምር? ምን ላይስ እንሳሳታለን?»
— መምህር ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሰነዶቹ አጫጭር ናቸው፣ በነጻም ይገኛሉ። በአራት ክፍለ ጊዜ ይጠናቀቃል።

በመጀመሪያው ቀን የመገንጠል ድንጋጌንና የምክንያት መግለጫን ይለዩላቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድንጋጌው «ከኅብረቱ ወጥተናል» የሚል አጭር የሕግ ጽሑፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደወጡ አያብራራም። እሱን ብቻ ያነበበ «ባርነት የሚል ቃል እንኳ የለበትም» ብሎ ይከራከራል። ምክንያቱ የተጻፈው በሌላ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዘርዘር ያለ መግለጫ ያወጡት ሳውዝ ካሮላይና፣ ሚሲሲፒ፣ ጆርጂያና ቴክሳስ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን አራቱን መግለጫዎች ለአራት ቡድን ያከፋፍሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከባርነት ጋር የተያያዘውን አንቀጽ በአንድ ቀለም፣ ሌላውን አቤቱታ በሌላ ቀለም ያስምር። ሳውዝ ካሮላይና ታኅሣሥ 20 ቀን 1860 ተገንጥላ ከአራት ቀን በኋላ ባወጣችው መግለጫ 13 የሰሜን ግዛቶችን በስም እየጠራች፣ ኮብላዮችን አንመልስም የሚል ሕግ አውጥተዋል ብላ ትከሳለች። ኒውዮርክንም ጌታ ባሪያውን ይዞ በምድሯ እንዳያልፍ ከልክላለች ብላ ትወቅሳለች። ኒውዮርክ በገዛ ምድሯ ላይ መወሰኗ ነው እንግዲህ ወንጀል የሆነባት። ሚሲሲፒ ገና በመግቢያዋ አቋሟ ከባርነት ሥርዓት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ እንደሆነ፣ ይህም በዓለም ላይ ትልቁ ቁሳዊ ጥቅም እንደሆነ ትናገራለች። በጆርጂያ መግለጫ ውስጥ ሰሜኖቹ ከመንግሥት ስላገኙት የንግድ ድጋፍ፣ በቴክሳስ መግለጫ ውስጥ የጠረፍ ጥበቃ ስለመጓደሉ የተጻፈ ያገኛሉ። ይህንን ተማሪዎቹ እንዳያልፉት። ሁለተኛው ቀለም መኖሩን ማየት፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ መለካት አለባቸው።

በሦስተኛው ቀን የ1787ቱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥትና የተገንጣዮቹን የመጋቢት 11 ቀን 1861 ሕገ መንግሥት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አብዛኛውን ቃል በቃል ቀድቷል፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው በተለወጠው ላይ ነው። የ1787ቱ ጸሐፊዎች «ባሪያ» የሚለውን ቃል አፍረው «ለአገልግሎት የተያዘ ሰው» እያሉ ዙሪያውን ሄደውበታል። ተገንጣዮቹ ቃሉን በግልጽ ጻፉት። በባሪያ ላይ ያለን የንብረት መብት የሚነካ ሕግ ምክር ቤታቸው እንዳያወጣ ከለከሉ፤ በሚይዙት አዲስ መሬት ሁሉ ባርነት እንዲጠበቅ አዘዙ፤ አንድ ባለ ባሪያ ባሮቹን ይዞ ወደየትኛውም ግዛት የመሄድ መብት እንዲኖረው ደነገጉ። የተነሡት ለክፍለ ግዛቶች ነጻነት ከነበረ፣ አንድ ግዛት በምድሩ ባሪያ እንዳይገባ የመከልከል ነጻነቱን ለምን ነፈጉት?

በአራተኛው ቀን ከጦርነቱ በፊት የተነገረውን ከጦርነቱ በኋላ ከተነገረው ያስተያዩ። የተገንጣዮቹ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ መጋቢት 21 ቀን 1861 በሳቫና ከተማ ባደረጉት ንግግር የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እንደሆነ፣ ባርነትም ለጥቁር ተፈጥሯዊ ቦታው እንደሆነ ተናገሩ። ለመለያየታቸው የቅርብ ምክንያቱ ባርነት መሆኑንም በዚያው ንግግር ጨምረዋል። ደቡብ ከተሸነፈ በኋላ ግን እኚሁ ሰው ጠቡ የሥልጣን ክፍፍል ጠብ ነበር ብለው ጻፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ጄፈርሰን ዴቪስም እንዲሁ። በመካከሉ ባርነት ወድቆ፣ ተከላካይ ሊቆምለት የማይችል ነውር ሆኖ ነበር። ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ጥቅስ ራስጌ ቀኑን ይጻፉ፤ ጦርነቱ ካበቃበት ከሚያዝያ 1865 በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክርክሩ ሁሉ የሚምታታው ሰዎች ሁለቱን ዘመን ስለሚደባልቁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በዘመኑ ጽሑፍ «ልዩ ሥርዓታችን»፣ «የቤት ውስጥ ሥርዓታችን»፣ «ንብረታችን» የሚሉት ባርነትን ነው። ተማሪው ይህን ካላወቀ «ባርነት» የሚለውን ቃል ብቻ ሲቆጥር ግማሹ ያመልጠዋል።

«ሊንከን ባርነት ባለበት አልነካውም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። የተዋጉትም አገር እንዳይፈርስ ነው ይባላል። ታዲያ ባርነት እንዴት ምክንያት ይሆናል?»
— ከደሴ

ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ጥያቄውን መክፈል ነው። ደቡብ ለምን ተገነጠለ? ሰሜንስ ለምን ወጋው? መልሳቸው አንድ አይደለም።

ሊንከን መጋቢት 4 ቀን 1861 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ሲይዙ ባርነት ባለባቸው ግዛቶች ጣልቃ የመግባት ሐሳብ እንደሌላቸው ተናገሩ። ያልሸሸጉት አንድ ነገር ነበር፤ ባርነት ወደ ምዕራብ፣ ገና ክፍለ ግዛት ወዳልሆነው ሰፊ መሬት እንዳይዘልቅ ይፈልጉ ነበር። ለደቡብ ይህ ሞት ነው። በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሁለቱ ወገኖች 15 ለ15 ነበሩ። በ1850 ካሊፎርኒያ ባርነት የሌለባት ሆና ስትገባ ሚዛኑ አዘነበለ። በምዕራብ የሚወለደው ግዛት ሁሉ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ባርነትን የሚሽር ቁጥር ይሞላል። ጥጥም መሬቱን ቶሎ ስለሚያደክም ባለ ባሪያው አዲስ መሬት ይሻል፤ አዲስ መሬት ከሌለ የባሪያ ዋጋ ይወርዳል።

ለዚህ ነው የአርባ ዓመቱ ጠብ ሁሉ በምዕራቡ መሬት ላይ የሚሽከረከረው። በ1820 በ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ ላይ ባርነት የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን መሬት የሚለይ ወሰን አሰመሩ። በ1854 የካንሳስና የነብራስካ ሕግ ወሰኑን አፍርሶ ለነዋሪው ድምፅ ሲተወው በካንሳስ ደም ፈሰሰ። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻነቱን በክስ በጠየቀው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ምክር ቤቱ በእነዚያ መሬቶች ባርነትን ሊከለክል አይችልም፣ ጥቁርም የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1860 ዴሞክራቶች ለሁለት ሲሰነጠቁ ሊንከን ከ40 በመቶ ባነሰ ድምፅ ተመረጡ፤ በአሥር የደቡብ ግዛቶች አንድ ድምፅ እንኳ አልተቆጠረላቸውም። በዚያ ክረምት ሰላም ለማውረድ የቀረቡትን የማግባቢያ ሐሳቦች ያንብቡ። የሴናተር ክሪተንደን ስድስት ማሻሻያዎች በሙሉ ስለ ባርነት ናቸው። አስታራቂ የሚጽፈው ጠበኞቹ የተጣሉበትን ነው።

ሰሜን የዘመተው አገር ለማዳን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1861 ደቡቦቹ የፌዴራሉን ምሽግ ፎርት ሰምተርን ደበደቡ፣ ሊንከን 75,000 ሰው ጠሩ፣ አራት ተጨማሪ ግዛቶች ተገነጠሉና 11 ሆኑ። ጦርነቱን ወደ ነጻነት ጦርነት የለወጡት ግን በመጀመሪያ ራሳቸው ባሮቹ ናቸው። በግንቦት 1861 ሦስት ሰዎች በቨርጂኒያ ወደ ፎርት ሞንሮ ምሽግ ሸሽተው ገቡ። የጌታቸው ወኪል በኮብላዮች ሕግ ይመለሱልኝ ሲል የሰሜኑ ጄኔራል በትለር «ቨርጂኒያ ሌላ አገር ነኝ ካለች የእኛ ሕግ አይመለከታትም» ብሎ አስቀራቸው፤ ለጠላት ምሽግ የሚሠራ ንብረት በጦርነት ይወረሳልና። ወሬው ሲሰማ ሕዝቡ እየጎረፈ መጣ። የነሐሴ 1861 እና የሐምሌ 1862 የመውረስ ሕጎች ተከተሉ፣ በጥር 1 ቀን 1863 የነጻነት አዋጁ ጸና። አዋጁ በአመፁ ሥር ባሉት አካባቢዎች ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ለሊንከን ታማኝ ሆነው የቀሩትን ባለ ባሪያ ግዛቶች አልነካም። ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች ወታደር ሆነው በሰሜን ሠራዊት ተሰለፉ። ባርነት በመላ አገሪቱ የተሻረው በሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ፣ በታኅሣሥ 1865 ነው።

«አብዛኛው የደቡብ ወታደር ባሪያ አልነበረውም ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ድሃው ለማን ብሎ ሞተ?»
— ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ቁጥሩን በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ይቁጠሩት። ባሮቹ በአባት ስም ስለሚመዘገቡ የሃያ ዓመት ልጁ በመዝገብ ባለ ባሪያ አይደለም፤ ያደገው ግን በባሪያ ጉልበት ነው። በቤተሰብ ሲታይ በተገንጣዮቹ ግዛቶች ከሦስቱ አንድ ያህሉ፣ በሚሲሲፒና በሳውዝ ካሮላይና ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ባሪያ ነበረው። ያልነበረውም ይከራያል፣ ወይም አንድ ቀን ሊገዛ ይመኛል።

ከዚያ በታች ያለውን ድሃ የያዘው ፍርሃትና የቆዳ ክብር ነው። የጆርጂያው አገረ ገዥ ጆሴፍ ብራውን በታኅሣሥ 1860 ባወጡት ደብዳቤ ድሃውን ነጭ ያስፈራሩት በዚሁ ነው፤ ባሮቹ ነጻ ከወጡ ለጌቶቻቸው የሚከፈለው ካሳ በአንተ ግብር ላይ ይጫናል፣ በሥራም ከአንተ ጋር ይሻማሉ፣ እኩልህም ይሆናሉ አሉት።

ድሃው አላጉረመረመም ማለት አይደለም። በ1862 የግዳጅ ምልመላ ሲመጣ፣ 20 ባሪያ ያለበት እርሻ አንድ ነጭ ሰው ከዘመቻ እንዲቀርለት ሕጉ ፈቀደ። «ጦርነቱ የባለጠጋ፣ ውጊያው የድሃ» የሚለው አነጋገር ያኔ በየመንደሩ ተዛመተ። ካርታም ይመስክር፤ ተራራማ ስለሆነ ጥጥም ባሪያም ጥቂት በነበረበት በምሥራቅ ቴኔሲ ሕዝቡ መገንጠልን በትልቅ ብልጫ ተቃወመ፣ የቨርጂኒያ ምዕራብም ተገንጣዮቹን ትቶ በ1863 ዌስት ቨርጂኒያ ሆነ።

«እንግሊዝ ለባለ ባሪያዎቹ ካሳ ከፍላ ያለ ጦርነት ነጻ አውጥታለች። አሜሪካ ለምን አልከፈለችም?»
— ከለንደን

እንግሊዝ በ1833 ባወጣችው ሕግ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች፤ ባሮቹ 800,000 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ባሕር ማዶ በካሪቢያን ደሴቶች ነበሩ። በለንደን ምክር ቤት ባለ ባሪያዎቹ ደጋፊ ቢኖራቸውም ጦር ማዝመት አይችሉም። በአሜሪካ አራት ሚሊዮን ናቸው፤ ጌቶቻቸውም የመንግሥቱ ግማሽ። የፌዴራሉ መንግሥት የዓመት ወጪ በ1860 ከ60 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሌላ ወጪ ሁሉ ቀርቶ ለካሳ ብቻ ቢውል እንኳ ሦስት ቢሊዮኑን ለመክፈል 50 ዓመት ያህል ይፈጃል።

ሊንከን ግን ሞክረዋል። ዴላዌር በጠቅላላው 1,798 ባሮች ብቻ ነበሯት። ሊንከን በ1861 መጨረሻ በአንድ ሰው 400 ዶላር፣ በድምሩ 719,200 ዶላር አስበው ሐሳቡን አቀረቡ። ግዛቲቱ እምቢ አለች። በመጋቢት 1862 ለአንድ ሴናተር በጻፉት ደብዳቤ ሒሳቡን አስፍተው አሳዩ፤ ጦርነቱ በቀን ሁለት ሚሊዮን ዶላር ስለሚበላ የዴላዌር ካሳ የግማሽ ቀን ወጪ አይሞላም፣ ታማኝ በሆኑት አራቱ ባለ ባሪያ ግዛቶችና በዋና ከተማይቱ ላሉት 432,622 ሰዎች የሚከፈለውም የ87 ቀን ወጪ ነው አሉ። በሐምሌ የእነዚያን ግዛቶች እንደራሴዎች ጠርተው ለመኑ፤ አብዛኞቹ አልተቀበሉም። በካሳ የተፈጸመው በዋሽንግተን ከተማ ብቻ ነው፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1862 በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር፣ ለባለ ባሪያው። ነጻ ለወጣው ሰው ለጉልበቱ የተከፈለው የለም፤ ይህን ስንጽፍ ዛሬም ያንገበግበናል።

«ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?»
— ከመቀሌ

ሁለት ነገር እንጠቅሳለን። አንደኛው በአሜሪካ የሚወለዱትን የኢትዮጵያውያን ልጆች ይመለከታል። ጥቁር ዜጋ አይሆንም ያለውን የ1857 ፍርድ የሻረው በሐምሌ 1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ነው፤ በአገሪቱ ተወልዶ ለሕግዋ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል።

ሁለተኛው የጉራ ጦርነት ነው። የደቡብ ወደቦች በሰሜን ባሕር ኃይል ሲዘጉ የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ የግብፅ ጥጥም ገበያውን ያዘ። የግብፅ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል በዚያ ሀብትና በላዩ ላይ በተበደሩት ገንዘብ ሠራዊታቸውን ሲያደራጁ፣ ጦርነቱ አብቅቶ ሥራ የፈቱ ወደ 50 የሚጠጉ የአሜሪካ መኮንኖችን ከሁለቱም ወገን ቀጠሩ። በካይሮ የጠቅላይ ኤታማዦር ሹምነቱን የያዙት የሰሜኑ ጄኔራል ቻርልስ ስቶን ናቸው። በመጋቢት 1876 የግብፅ ጦር በራቲብ ፓሻ መሪነት በጉራ ሜዳ ከአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ሲገጥም ደግሞ፣ የራቲብ ኤታማዦር ሹም አንድ እጃቸውን በሜክሲኮ ጦርነት ያጡት፣ ለተገንጣዮቹ በጄኔራልነት የተዋጉት ዊልያም ሎሪንግ ነበሩ። በጉራም ተሸነፉ።